ለትራውት ወንዝ ስፑን እንዴት ይመረጣል? እንዴትስ ይሠራበታል?

ሰኔ አልቆ ሐምሌ ሲገባ ስልኬ ላይ አንድ ዓይነት ፎቶ ይመጣል። የዓሣ ማጥመጃ ሱቅ መደርደሪያ ነው። ወርቃማ፣ ብርማ፣ ቀይ፣ ነጠብጣብ ያለበት፣ ዓይን የተሣለበት ስፑን ተደርድሯል። ከሥሩ ጥያቄ አለ፤ «የቱን ልግዛ?» እኔም ሁልጊዜ «ቀለሙን ተወውና ክብደቱን አንብብልኝ» እላለሁ። ደጋግሜ ከምመልስ አንዴ ጽፌ ላስቀምጠው።

የምጽፈው እዚህ ኮሎራዶ፣ ዴንቨርና አውሮራ ላለን ጀማሪዎች ነው። ምሳሌ የማደርገው ከጎልደን ከተማ በላይ ሸለቆውን ይዞ የሚወርደውን ክሊር ክሪክን ነው። ጠባብ፣ ፈጣንና ድንጋይ የበዛበት ወንዝ ነው። በብዛት የሚገኝበት ዓሣ ቡኒው ትራውት ሲሆን አብዛኛው ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ይሆናል። ሌላ ቦታ ብትኖሩም ወንዛችሁ እንዲህ ያለ ከሆነ አሠራሩ ያው ነው።

ስፑን ማለት ስሙ እንደሚለው ማንኪያ ነው። እጀታው ተቆርጦ በምትኩ መንጠቆ የተንጠለጠለበት ማንኪያ አስቡ። ብረቱ የጎበጠ ስለሆነ ስትስቡት ውሃው አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ እየገፋ ያወዛውዘዋል። እያብለጨለጨ ሲንገዳገድ ለትራውቱ የቆሰለች ትንሽ ዓሣ ይመስለዋል። ውዝዋዜው ከቆመ ግን ቁራጭ ብረት ነው። ከዚህ በታች የምነግራችሁ በሙሉ ስፑኗ ከወንዙ ወለል ብዙም ሳትርቅ እየተወዛወዘች እንድትቆይ ለማድረግ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ቀላል ሮድ (የማጥመጃ ዘንግ)፣ ርዝመቱ 1.8 ሜትር አካባቢ፣ «አልትራላይት» የሚባለው ዓይነት። ወፍራም ሮድ 3 ግራም ብረት ሩቅ መወርወር አይችልም።
- ትንሽ ሪል (ክሩን የሚጠቀልለው መዘውር)፣ 1000 ቁጥር
- 4 ወይም 6 ፓውንድ የሚችል የናይለን ክር
- ስድስት ስፑን፦ 1/8 አውንስ ሁለት ወርቃማ፣ አንድ ብርማ፣ አንድ የመዳብ ቀለም፤ 1/4 አውንስ አንድ ወርቃማ፣ አንድ ብርማ
- 8 እና 6 ቁጥር ነጠላ መንጠቆ
- በጣም ትንንሽ የሆኑ፣ የሚሽከረከሩ ማያያዣዎች
- ጫፉ ቀጭን ፒንሳ እና የክር መቁረጫ
- ከጎማ የተሠራ መረብ። የናይለን መረብ የዓሣውን ቆዳ ይልጣል፤ መንጠቆም ይተበተብበታል።
- ፖላራይዝድ መነጽርና ኮፍያ። መነጽሩ የውሃውን ነጸብራቅ ቆርጦ ወለሉን ያሳያችኋል። ከድንጋይ ተላቅቃ የምትፈናጠር ስፑንም ዓይናችሁን እንዳታገኝ ይጠብቃል።
- የውሃ ቴርሞሜትር
- የዝናብ ጃኬት

ዕቃው ሲሟላ መጀመሪያ ሕጉን አጣሩ። ኮሎራዶ ውስጥ ዕድሜው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው የማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የግዛቱ ጠቅላላ ገደብ በቀን 4 ትራውት ነው፤ ግን ከዚያ ያነሰ የሚፈቀድበት ወይም የተያዘው ሁሉ የሚለቀቅበት የወንዝ ክፍል አለ። ሰው ሠራሽ ማጥመጃ ብቻ የሚፈቀድበትም አለ። እዚያ ስፑን ይፈቀዳል፤ መንጠቆዋ ላይ ትል ወይም ሊጥ ከሰካችሁባት ግን ሕግ ጥሳችኋል። ፍላይ (ከላባና ከክር የሚሠራ የነፍሳት አምሳያ) ብቻ የሚፈቀድበት ቦታ ደግሞ ስፑንም ክልክል ነው። አንድ ወንዝ ግማሹ የሕዝብ፣ ግማሹ የግል መሬት ላይ ሊያልፍ ስለሚችል አጥርና ምልክት እያያችሁ ሂዱ።

አሠራሩ

1. ክብደቱን ከወንዙ ጋር አመዛዝኑ።

ሥራው ግማሹ እዚህ ያልቃል። ስፑን ከቀለለች ወራጁ ላዩን ይዟት ይሄዳል፤ ትራውት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ግፊቱ የሚቀንስበት ታች ነው ያለው። ከከበደች ድንጋይ መሐል ትወሸቃለች። እኔ የመጀመሪያ ቀኔ ላይ «ትልቅ ይሻላል» ብሎ አንድ ሻጭ የሰጠኝን 3/8 አውንስ ይዤ ሄጄ፣ ከምሳ በፊት አምስት ስፑን ለድንጋይ ገበርኩ። ዓሣ ግን አንድም አላየሁም።

ውሃው እስከ ጉልበት የሚደርስና ወንዙ ከ4 እስከ 6 ሜትር የሚሰፋ ከሆነ ከ1/16 እስከ 1/8 አውንስ ያዙ፤ ከ1.8 እስከ 3.5 ግራም ማለት ነው። እስከ ወገብ የሚደርስና እስከ 15 ሜትር የሚሰፋ ከሆነ ከ1/8 እስከ 1/4 አውንስ፣ ማለትም ከ3.5 እስከ 7 ግራም። ከዚያ የከበደው ለትልቅ ወንዝና ለጥልቅ ገንዳ፣ ማለትም ውሃው ተኝቶ ቀስ ለሚልበት የወንዝ ክፍል ነው።

ወንዙ ላይ ደግሞ እንዲህ ፈትሹት። ሦስት አራት ጊዜ ስትወረውሩ አንዴ ወለሉን ነካ ካደረገች ልኳ ነው። በየውርወራው ከነካች አንድ ደረጃ አቅልሉ። ጭራሽ ካልነካች ጨምሩ። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ የበረዶው ውሃ ገና ስለሚኖር 1/4 የጠየቀ ቦታ፣ ፍልሰታ ሲገባ በ1/8 ይበቃዋል።

2. ቅርጹንና ውፍረቱን ምረጡ።

ሁለት ስፑኖች እኩል ክብደት ኖሯቸው ፈጽሞ የተለያየ ጠባይ ሊያሳዩ ይችላሉ። ጠበብና ወፈር ያለች ስፑን፣ ለምሳሌ ካስትማስተር፣ ሩቅ ትበራለች፤ ቶሎም ትሰጥማለች። ግን በዝግታ ስትስቧት መወዛወዟን ታቆማለች። ፈጣን ውሃና ነፋስ ያለበት ቀን ለእሷ ነው። እንደ ሊትል ክሊዮ ያለች ሰፋ ብላ ጀርባዋ የጎበጠ ደግሞ በቀስታም ትወዛወዛለች። ለቀርፋፋ ገንዳና ለቀዝቃዛ ጠዋት እሷን አስሩ። አንዷን ብቻ ግዙ ካላችሁኝ ሰፊዋን እላለሁ፤ የጀማሪን ስሕተት ትችላለች።

3. ቀለም።

ብዙ አትጨነቁበት። ፀሐይና ጥርት ያለ ውሃ ሲሆን ብርማ፤ ደመና ወይም ትንሽ የደፈረሰ ውሃ ሲሆን ወርቃማ ወይም መዳብ። ጥርት ባለ ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ በጣም የምታንጸባርቅ ስፑን ዓሣውን ልታስበረግገው ትችላለች፤ ያኔ ያረጀችውንና የደበዘዘችውን አውጡ። በአንድ ቀለም አሥር ጊዜ ወርውራችሁ ምንም ካልመጣ፣ ቀለም ከመቀየራችሁ በፊት የመሳቢያውን ፍጥነት ቀይሩ።

4. ባለ ሦስት ጫፉን መንጠቆ አውልቃችሁ ነጠላ አስገቡ።

ስፑን ከሱቅ ስትወጣ አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆ ይዛ ነው። በፒንሳ ትንሿን ቀለበት ከፈት አድርጉና አውጡት። በምትኩ ለ1/8 አውንስ 8 ቁጥር፣ ለ1/4 አውንስ 6 ቁጥር ነጠላ መንጠቆ አስገቡ። መንጠቆው ላይ ወደ ኋላ የዞረችውን እሾህ በፒንሳ ጨፍልቋት።

ምክንያቱ ሦስት ነው። ሦስት ጫፍ ድንጋይና እንጨት የሚይዝበት ዕድል ሰፊ ነው። ትንሽ ትራውት ሦስቱም ጫፍ ከገባበት ብትለቁትም የመትረፍ ዕድሉ ይቀንሳል። ሦስተኛው ለራሳችሁ ነው፤ እሾኋ ከተጨፈለቀች እጃችሁን ሲወጋችሁ በቀላሉ ይወጣል። «ዓሣ ያመልጠኛል» ለምትሉ፦ ክሩን ካላላላችሁ አያመልጥም። አዲሱን መንጠቆ ግን በጣም ትልቅ አታድርጉት፤ ክብደቱ ጅራቷን ጎትቶ ውዝዋዜዋን ይገድለዋል።

5. እሰሩ።

ክሩን ስፑኗ ብረት ላይ ባለው ቀዳዳ ውስጥ በቀጥታ አታስሩ። የብረቱ ጠርዝ ክሩን ቀስ በቀስ ይቆርጠዋል። ክሩን ከማያያዣው ጋር እሰሩ፤ ማያያዣውን ስፑኗ ላይ ቆልፉ። የሚሽከረከረው ክፍል ክሩ እንዳይጠማዘዝ ይረዳል። በጣም ትንሿን ማያያዣ ተጠቀሙ። ለ1/16 አውንስ እሷም ትከብዳለች፤ ያኔ የፊቷ ቀለበት ላይ በቀጥታ እሰሩ።

ቋጠሮው እንዲህ ነው። የክሩን ጫፍ በቀለበቱ አሳልፉ። በዋናው ክር ላይ አምስት ጊዜ ጠምጥሙ። ጫፉን ቀለበቱ ሥር ባለችው ትንሽ ክፍተት አስገቡ። ከዚያ አሁን በተፈጠረው ትልቁ ክፍተት መልሱት። በምራቅ አርጥቡና በዝግታ አጥብቁ። ማርጠቡን እንዳትዘልሉት፤ ደረቅ ናይለን ሲጠብቅ በፍትጊያ ይግላል፣ ቋጠሮውም ልክ ዓሣ ሲይዝ ይበጠሳል።

6. የሪሉን ፍሬን አስተካክሉ።

ግማሽ ሊትር ውሃ የያዘ ሃይላንድ ክሩ ጫፍ ላይ አንጠልጥሉና ሮዱን ከፍ አድርጉ። ሪሉ ቀስ እያለ ክር ከለቀቀ ልክ ነው። ጥርቅም ካለ አላሉት፤ አለዚያ ዓሣው በድንገት ሲሮጥ ባለ 4 ፓውንዱ ክር አይችለውም። ዝርግፍ ካለ ደግሞ መንጠቆው የሚገባበት ኃይል አያገኝም።

7. መጀመሪያ እግራችሁ ሥር ሞክሩ።

አንድ ሜትር ክር ልቀቁና ስፑኗን ፊታችሁ ባለው ውሃ ውስጥ ሳቧት። ዓይናችሁን አትንቀሉባት። ዝም ብላ ከተሳበች ፈጠን አድርጉ። እንደ እንዝርት መሽከርከር ከጀመረች አልፋችኋል፤ ክሩንም ታጠማዝዛለች። በሁለቱ መሐል ወዲህ ወዲያ የምትልበት ፍጥነት አለ። በሮዱ ጫፍ እጃችሁ ላይ የሚሰማችሁን ትርታ ልብ በሉ። ኋላ ስፑኗ ሩቅ ሆና ባትታያችሁም ትርታው ይነግራችኋል። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፤ ግን ሰው ሁሉ ይዘለዋል።

8. ዓሣው የቆመበትን ቦታ ፈልጉ።

ትራውት ጉልበት አያባክንም። አፍንጫውን ወደ ወራጁ አዙሮ፣ ውሃው ቀስ የሚልበት ቦታ ቆሞ፣ ምግብ በአጠገቡ እስኪያልፍ ይጠብቃል። ስለዚህ የምትፈልጉት ፈጣኑና ቀርፋፋው ውሃ የሚገናኙበትን መስመር ነው። ላዩ ላይ አረፋ ተሰልፎ ስለሚወርድ በዓይን ይታያል። ከትልቅ ድንጋይ ኋላ፣ ከድንጋዩ ፊትም፣ ሥሩ በውሃ የተቦረቦረ ዳርቻ ሥር፣ ወራጁ ገንዳ ውስጥ የሚገባበት አፍ ላይ ሞክሩ። ክሊር ክሪክ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነክሰኝ ከዳር አንድ ሜትር ባልራቀ ውሃ ነው። ሰዉ ግን ያንን ረግጦ ገብቶ መሐሉን ይወረውራል።

9. ከታች ወደ ላይ ተጠጉ።

ዓሣው ፊቱን ወደ ላይ ስላዞረ ከኋላው መምጣት ይሻላል። ጥላችሁ ውሃው ላይ አይውደቅ። ድንጋይ አታንኳኩ፤ ንዝረቱ በውሃ ውስጥ ይሄዳል። ደማቅ ልብስ ተዉ። የቅርቡን ውሃ መጀመሪያ ወርውሩ፤ ከዚያ መሐሉን፤ ከዚያ ማዶውን። ሩቁን ካስቀደማችሁ የያዛችሁት ዓሣ በቅርቡ ያሉትን እያተራመሰ ይመጣል።

10. ወርውሩና ሳቡ።

ሦስት አጣጣል አለ።

ሀ) ሽቅብ። ወደ ላይ ወርውሩ፤ ስፑኗ ውሃውን እንደነካች ሪሉን ዝጉ። ወራጁ ወደ እናንተ ስለሚያመጣት ከእሱ ትንሽ ፈጠን ብላችሁ ጠቅልሉ። ከዘገያችሁ ክሩ ይላላል፣ ስፑኗ እንደ ጠጠር ትወድቃለች። ጥልቀት ለሌለው ውሃና ለሚበረግግ ዓሣ ይሄ ይሻላል።

ለ) አግድም ወደ ታች። ለጀማሪ ይሄን እመክራለሁ። ወደ ማዶ፣ ትንሽ ወደ ታች ዘንበል አድርጋችሁ ወርውሩ። ክሩን ወጠር አድርጋችሁ ሮዱን ያዙ። ወራጁ ራሱ ስፑኗን እያወዛወዘ ከማዶ ወደ እናንተ ዳር ቅስት እየሠራች እንድትመጣ ያደርጋታል። ትርታው እስኪሰማችሁ ያህል ብቻ በዝግታ ጠቅልሉ። ቅስቱ አልቆ ስፑኗ ከእናንተ በታች ቀጥ ስትል ወዲያው አትሳቧት። እስከ አምስት ቁጠሩ። እየተከተላት የመጣ ዓሣ የሚነክሰው ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው።

ሐ) ቁልቁል አንጠልጥሎ። መጠጋት የማይቻል ድንጋይ ወይም የወደቀ ግንድ ካለ ከበላዩ ቁሙ። ክር እየለቀቃችሁ ስፑኗን አጠገቡ አድርሷት። ከዚያ ያዟት፤ ወራጁ ባለችበት ያወዛውዛታል። የሮዱን ጫፍ አንድ ስንዝር ከፍ፣ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጉ።

ገንዳ ላይ ከሆናችሁ የምትሰጥምበትን ቁጠሩ። ወርውሩ፣ ወለል እስክትነካ ቁጠሩ። ስድስት ካላችሁ በሚቀጥለው አምስት ላይ መሳብ ጀምሩ። ስትሰጥም ክሩን በጣም አታላሉት፤ እየወረደች ሳለ የሚነክስ አለ፣ ክሩ ከላላ አይሰማችሁም።

አንድ ቦታ ላይ አምስት ጊዜ ወርውራችሁ ምንም ከሌለ ሂዱ። በወንዝ ላይ ብዙ የሚይዘው ብዙ የተራመደው ነው።

11. ሲነክስ።

ሮዱን ወደ ጎን ጠበቅ አድርጉ፤ መመንጨቅ አያስፈልግም። ክሩን እንደወጠራችሁ፣ ሲሮጥ ልቀቁለት፣ ሲቆም ጠቅልሉ። ወደ ታች ከሮጠ በዳር በዳር ተከተሉት። ከወራጁ በተቃራኒ መጎተት ቀጭን ክር ያስበጥሳል። ቶሎ ጨርሱት፤ ረጅም ትግል ዓሣውን ያደክመዋል።

12. መልቀቅ ወይም መውሰድ።

የምትለቁት ከሆነ መጀመሪያ እጃችሁን ውሃ ንከሩ። ደረቅ እጅ የዓሣውን ቆዳ ከበሽታ የሚከላከለውን ልጋግ ይገፈዋል። መንጠቆውን መረቡ ውስጥ፣ ውሃ ውስጥ እንዳለ በፒንሳ አውጡ። ፎቶ ካስፈለገ ስልኩን ቀድሞ ማዘጋጀት ነው። ከውሃ ውጭ ከአሥር ሰከንድ በላይ አታቆዩት። ከዚያ አፉን ወደ ወራጁ አዙራችሁ ያዙት፤ ራሱ ሲሄድ ይሂድ። የምትወስዱት ከሆነ ወዲያው ግደሉት፣ አንጀቱን አውጡና በረዶ ላይ አድርጉት። ሙቀት የትራውትን ሥጋ በፍጥነት ያልፈሰፍሰዋል።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስሕተቶች

ፈጥኖ መጠቅለል። አንደኛው ይሄ ነው፤ ሌሎቹ ተደምረው አይደርሱበትም። ስፑኗ ወደ ላይ ትወጣለች፣ ትሽከረከራለች፣ ክሩ ይጠማዘዛል። ክሩ ከተጠማዘዘ ስፑኗን ፈትታችሁ ባዶውን ክር ወራጁ ላይ ልቀቁት፤ ጥቂት ቆይቶ ይፍታታል።

የደነዘዘ መንጠቆ። ድንጋይ በነካ ቁጥር ጫፉን ጥፍራችሁ ላይ ፈትሹ። ካንሸራተተ ሳሉት ወይም ቀይሩት።

የተላላጠ ክር። ከስፑኗ በላይ ያለውን ግማሽ ሜትር በየሰዓቱ በጣታችሁ ዳስሱ። ሻካራ ከሆነ ቆርጣችሁ እንደገና እሰሩ።

ስፑን ስትያዝ ወደ ራስ መጎተት። በጎተታችሁ ቁጥር ይበልጥ ትሰነቀራለች። ክሩን አላሉና የያዛትን ድንጋይ አልፋችሁ ከተቃራኒ አቅጣጫ ሳቡ። እምቢ ካለች ፊታችሁን አዙሩ፣ ሮዱን ከክሩ ጋር አንድ መስመር አድርጋችሁ በቀጥታ ጎትታችሁ በጥሱት። ሮዱን እንደ ቀስት አትለጥጡት፤ ወይ ይሰበራል፣ ወይ ስፑኗ እንደ ጥይት ትመጣለች።

ማስጠንቀቂያ

⚠ ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ መጨረሻ የተራራው በረዶ ይቀልጣል፤ ወንዙ ይሞላል፣ ይቀዘቅዛል። ያኔ ውሃ ውስጥ አትግቡ። በሌላ ጊዜም ከጉልበት በላይ አትግቡ።

⚠ እዚህ በሞቃቱ ወራት ከሰዓት በኋላ ተራራው ላይ መብረቅ የተለመደ ነው። የሮዱ ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ነጎድጓድ ስትሰሙ ሮዱን አስቀምጡና መኪና ውስጥ ግቡ። «አንዴ ልወርውር» አትበሉ።

⚠ ከመወርወራችሁ በፊት ኋላችሁን እዩ፣ በተለይ ልጆች ካሉ። መንጠቆ ዓይን አጠገብ ከገባ ራሳችሁ ለማውጣት አትሞክሩ፤ ክሩን ቆርጣችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ።

⚠ ውሃውን ለኩ። ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ሴልሺየስ ትራውት ንቁ ነው። 20 ከደረሰ ማጥመድ አቁሙ። በሞቀ ውሃ ውስጥ ኦክስጅን ያንሳል፤ ታግሎ የደከመ ዓሣ ብትለቁትም ሊሞት ይችላል። በነሐሴ በጠዋት ውጡ፣ ከሰዓት በፊት ጨርሱ።

⚠ ከአንዱ ወንዝ ወደ ሌላው ስትሄዱ ጫማችሁን አጥባችሁ አድርቁ። እዚህ አንዳንድ ወንዞች ውስጥ ከውጭ የገቡ ጥቃቅን ቀንድ አውጣዎች አሉ፤ በጭቃ ተጣብቀው ይዛመታሉ።

ቤት ስትደርሱ ስፑኖቹን ሳጥን ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት አድርቋቸው። እርጥብ መንጠቆ ዝጎ ጎረቤቱንም ያዝገዋል።

ለእረፍት አገር ቤት ገብተው ባሌ ለመሄድ ያሰቡም ይጠይቁኛል። አዎ፣ ዲንሾ አካባቢ ዌብና ዳንካ ወንዞች ውስጥ ትራውት አለ። ጊዜው ግን ከዚህ ይገለበጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ወንዙ በክረምት ዝናብ ስለሚሞላ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ይሻላል። ከመወርወራችሁ በፊት ስለ ፈቃድ ዲንሾ ባለው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። 1/8 አውንስ ሰፊዋን ስፑን ያዙ፤ ትርፍ አሥር ያህል ጨምሩ። ሲያልቅባችሁ እዚያ ገብታችሁ የምትገዙበት ሱቅ አትጠብቁ።